መጋረጃውን ማን ይግለጠው?

ማሻን ያላየ ሰው «ዝናብ አውቃለሁ» ቢላችሁ አትመኑት። አዲስ አበባ ላይ ዝናብ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ አስፋልቱን ያጥለቀልቃል፣ ታክሲ ያሳጣል፣ ይሄዳል። ማሻ ላይ ግን ዝናብ ነዋሪ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ቢሰጠው አይበዛበትም። ከጎሬ ተነስቶ በማሻ በኩል ወደ ቴፒ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ደን፣ ጉም፣ ቀርከሃ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ... ከዚያ ደግሞ ዝናብ። ባለፈው ክረምት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ጠርታኝ «ለሦስት ቀን» ብዬ ሄጄ ስምንት ቀን ከረምኩ። መንገዱ እምቢ አለኛ!

በአራተኛው ቀን ወሬ አለቀብን። ቡናው ተፈልቷል፣ ቆጮው ተበልቷል፣ ማሩ ተልሷል። «ቲቸር፣ ላፕቶፕዎ ላይ ፊልም የለም?» አለችኝ። እሷ ራሷ ዛሬ መምህርት ናት፤ ተማሪዎቿ «ቲቸር» ይሏታል። እኔን ግን እስከ ዛሬ ከዚያ ማዕረግ አላወረደችኝም።

ፊልም ነበረኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሌላ ምን ይመረጣል? «ሲንጊንግ ኢን ዘ ሬይን»ን ከፈትኩ። በዝናብ ውስጥ መዝፈን ማለት ነው።

ጂን ኬሊና ስታንሊ ዶነን ያዘጋጁት ይህ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2006 የምንጊዜም ምርጥ ያላቸውን ሙዚቃዊ ፊልሞች ሲደረድር አንደኛ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በ1983 ዓ.ም.፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ በማይታወቅ የቪዲዮ ካሴት ነበር። ከካሴቱ እርጅና የተነሳ የትኛው ዝናብ፣ የትኛው ጂን ኬሊ እንደሆነ መለየት ያቅት ነበር። ቢሆንም ስቄ ስቄ ልሞት ምንም አልቀረኝም። በኋላም ሳስተምር «ኮሜዲ ማለት እንዲህ ነው» እያልኩ ለስንት ክፍል ተማሪ ተርኬዋለሁ። ዘንድሮ ግን ከሰባ ዓመት ካለፉት ከተማሪዬ እናት አጠገብ ተቀምጬ ሳየው ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ለምን እንደቀረ ልንገራችሁ።

ላላያችሁት፣ ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1927፣ ድምፅ አልባው ፊልም ሊሞት ሲያጣጥር ባለ ድምፁ የሚወለድበት ጊዜ ነው። ሊና ላሞንት የምትባል ኮከብ አለች። መልኳ ልብ ያቀልጣል፤ አፏን ስትከፍት ግን ዘይት ያልነካው በር ናት። ስቱዲዮው መላ ይመታል፦ ካቲ ሰልደን የምትባል ማንም የማያውቃት ወጣት ከጀርባ ሆና ትናገርላታለች፣ ትዘፍንላታለች። በፊልሙ ምረቃ ምሽት ተመልካቹ «ሊና ትዝፈንልን!» ብሎ አዳራሹን ሲያናውጠው፣ ካቲ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ታዜማለች፤ ሊና ከፊት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በዚህ መሀል መጋረጃው ይገለጣል። አዳራሹ በሳቅ ያብዳል፣ የድምፁ ባለቤት ትታወቃለች፣ ፍትሕ ሆነ ይባላል። ጭብጨባ!

እማማ (እኔም እንደ ሰፈሩ ልጅ «እማማ» ነው የምላቸው) አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም። ልጃቸው የፊልሙን ንግግር ወደ ሸክኖኖ ትመልስላቸዋለች፤ የሳቸውን ደግሞ በአማርኛ ለኔ ታቀብለኛለች። ጂን ኬሊ ጃንጥላውን አጥፎ በዝናብ ውስጥ ሲፈነጭ እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አሉ?»

«'ይሄ ሰውዬ ቤቱ እሳት አለው። ልብሱን የሚያደርቅለት ሰውም አለው። አለዚያ በዝናብ አይጫወትም ነበር' አለች» አለችኝ ልጃቸው።

ስለዚህ ፊልም ብዙ ሂስ አንብቤያለሁ። ይህን ያለ ግን አላጋጠመኝም። ዝናቡ ከስቱዲዮ ቧንቧ የሚወርድ ውሃ እንደሆነና ሰውዬው ያን ትዕይንት ሲቀረጽ ትኩሳት ይዞት እንደነበር ስነግራቸው ግን አዘኑለት።

መጋረጃው ሲገለጥ እኔና ተማሪዬ ሳቅን። እማማ አልሳቁም። ትንሽ ዝም ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ልጃቸው ለመተርጎም ጥቂት አመነታች።

«'ሰውዬው ስለወደዳት ነው የገለጠላት። ባይወዳትስ ኖሮ?' ነው የምትለው።»

እውነታቸውን ነው። ካቲ ከመጋረጃ ጀርባ የወጣችው ፍትሕ ስለሚገባት አይደለም። የፊልሙ ጀግና ስላፈቀራት ነው። ያልተፈቀረችስ? ያልተፈቀረችውን እኔ አውቃታለሁ፤ ለእማማ አልነገርኳቸውም እንጂ። ስሟ ቤቲ ኖይስ ይባላል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ካቲን ሆና የተወነችው ዴቢ ሬይኖልድስ ናት። በታሪኩ ውስጥ ካቲ ለሊና ትዘፍናለች። ነገር ግን ካቲ ለሊና ስትዘፍን ከምናያቸው ዘፈኖች በአንዱ ላይ የምንሰማው ድምፅ የዴቢ ሬይኖልድስ አይደለም፤ የቤቲ ኖይስ ነው። የሌላ ሰው ድምፅ መስረቅ ነውር ነው ብሎ የሚሰብከው ፊልም፣ ስብከቱን የሰበከው በተደበቀ ድምፅ ነው! በፊልሙ ላይ ስሟ አልተጻፈም። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎም፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «ዳምቦ» በተባለው የዲዝኒ ካርቱን ውስጥ እናት ዝሆኗ ልጇን ስታባብል የሚሰማው ድምፅ የሷ ነበር። እዚያም ስሟ የለም።

ገና አላለቀም። ካቲ ለሊና በንግግር ድምፅ ስትሆንላት የምንሰማው ያ የጠራ፣ ያማረ አነጋገር የማን ይመስላችኋል? ሊናን ሆና የተወነችው የጂን ሄገን የራሷ ነው። የምንስቅባት ሴት፣ የምናደንቀው ድምፅ ባለቤት ራሷ ነበረች። «አስቃቸው» የሚለው የፊልሙ ዝነኛ ዘፈንም ኮል ፖርተር ለ1948 ፊልም (በነሱ አቆጣጠር) ከደረሰው ዜማ ጋር ከመጠን በላይ መመሳሰሉ እስከ ዛሬ እንዳነጋገረ ነው። የግጥሙ ደራሲ ማን ነው? የፊልሙ ፕሮዲዩሰር አርተር ፍሪድ። የስቱዲዮውን ቁልፍ የያዘውን ሰው ማን ይናገረዋል?

«እና ምን ይሁን? የፈረንጅ ጉድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። የፈረንጅ ጉድ ቢሆንማ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ባልቀረ!

በ1992 ዓ.ም. ይህቺው ተማሪዬ የሥነ ቃል ኮርስ የቤት ሥራ ይዛልኝ መጣች፦ አንድ ካሴትና ስምንት ገጽ ጽሑፍ። ካሴቱ ላይ አንዲት ሴት እንሰት እየፋቁ የሚዘፈን ዘፈን ትዘፍናለች። የስንኞቹ ትርጉም ተያይዟል። ያማረ ነበር። በጣም ስላማረኝ ለአንድ ጉባኤ ባቀረብኩት ጥናት ውስጥ አስገባሁት፤ ጥናቱም ታተመ። ከስንኞቹ በታች የጻፍኩትን በቃሌ አስታውሰዋለሁ፦ «ሕዝባዊ ግጥም፣ ከሸካ አካባቢ የተሰበሰበ»።

ዘፋኟ እማማ ነበሩ።

ጥናቱ ለማዕረግ ዕድገቴ ተቆጠረልኝ። የጉባኤውን የሆቴልና የውሎ አበል በልቻለሁ። ለተማሪዬ የሰጠኋት ውጤት ቢ ነው። ቢ ፕላስ እንኳ አይደለም! ለእማማ የደረሳቸው ምንም የለም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ትዝ ብለውኝ አያውቁም። ክፋት ስለነበረብኝ አይደለም፤ ሙያው እንደዚያ ስለሚሠራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ክፉ መሆን ሳያስፈልገን የምንሠራው ነገር።

እስቲ «የተሰበሰበ» የምትለዋን ቃል ተመልከቷት። የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለነበርኩ ቃል ላይ መንጠልጠል ልማዴ ነው፣ ታገሡኝ። ማን ሰበሰበው? ከማን ተሰበሰበ? ግሱ አይናገርም። ዘፈኑ እንደ ጭራሮ ሜዳ ላይ ወድቆ ተገኘ? «ሕዝባዊ» የምትለዋ ደግሞ ትብሳለች። ሕዝብ ጉሮሮ የለውም፣ ወገናችን! እንሰት ሲፍቅ ውሎ እጁ የሚደነዝዘው ሕዝብ የሚባል አካል አይደለም፤ አንዲት ሴት ናት። ስም አላት፣ የአባት ስም አላት፣ ድምፅ አላት። «ግጥም፦ ሕዝብ፤ ዜማ፦ ሕዝብ» የሚል ጽሑፍ በስንት የካሴት ሽፋን ላይ አይተናል? ያ ጽሑፍ አክብሮት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን መጋረጃ ነው። ለሕዝብ ደግሞ ክፍያ አይፈጸምም፤ ሕዝብ የባንክ ሒሳብ የለውም።

ይህን ስል የሚነሱብኝን ክርክሮች አውቃለሁ። ለዓመታት ራሴ ያስተማርኳቸው ናቸውና።

አንደኛው፣ «ሥነ ቃል የጋራ ሀብት ነው፣ ደራሲ የለውም» የሚለው ነው። ግማሽ እውነት ነው። ዜማው ከእናት ከአያት የወረደ ሊሆን ይችላል። ግን ለቅሶ ቤት የደረሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሙሾ አውራጇ የጋራውን ዜማ ይዛ የራሷን ስንኝ ትጨምርበታለች፤ በሟቹ ልክ ትሰፋዋለች። እማማም በዚያ ካሴት ላይ ያደረጉት ይህንን ነው። ጥናቴ ውስጥ ያደነቅኋቸው ስንኞች እኮ የራሳቸው ነበሩ። «የፈጠራው ውበት» ብዬ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ፈጣሪዋን ለመጻፍ አንድ መስመር አጠረኝ!

ሕጉም ቢሆን እኔን አይደግፈኝም። በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ከዋኙንም፣ ማለትም የሚዘፍነውን፣ የሚጫወተውን ሰው፣ በስም ጠርቶ ያውቀዋል። አዋጁ የወጣው እኔ ጥናቴን ካሳተምኩ በኋላ መሆኑ ለጠበቃ ይጠቅም ይሆናል። ለኅሊና ግን አይጠቅምም።

ሁለተኛው ክርክር፣ «በጥናቱ መጨረሻ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር አለ እኮ» የሚል ነው። አዎ፣ አንዳንዱ ላይ አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። መረጃ አቀባይ! ቃሉን ስትሰሙት ምን ትዝ ይላችኋል? ለጸጥታ ክፍል ወሬ የሚያደርስ ሰው አይመስልም? ዘፋኝን፣ ገጣሚን፣ ተራኪን «መረጃ አቀባይ» ብሎ አባሪ ላይ መቅበር ስም መጥራት አይባልም። የኔ ጥናት ግን አባሪም አልነበረው።

ሦስተኛው፣ «አገሩ ስንት ችግር አለበት፣ አንተ ስለ ስም ታወራለህ» የሚለው ነው። ይህ ክርክር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ለሁሉም ነገር ይሠራል። ነገር ግን መንገድ ለመሥራት ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ስም ለመጻፍ ግን እስክሪብቶ ይበቃል። በነጻ የሚሠራውን ያልሠራ ሰው በገንዘብ የሚሠራውን ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ።

ደግሞስ ስንፈልግ እንችልበታለን። የዚህኑ አካባቢ ቡና ውሰዱ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር፣ አብዛኛው በደረጃና በአካባቢ ምድብ እየተደባለቀ የየትኛው ገበሬ፣ የየትኛው ማሳ እንደሆነ መለየት ለዓመታት ቸገረ። የውጭ ገዢዎች «ይህ ቡና የማን ነው?» እያሉ ወተወቱ። በ2009 ዓ.ም. ግብይቱ በአዲስ አዋጅ ተሻሻለ፤ ምንጩ ተለይቶ የሚሸጥበት በር ተከፈተ። ለቡና ያገኘነውን ብልሃት ለዘፈን ያጣነው ለምንድን ነው? «ይህ ዘፈን የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ፈረንጅ ስላልመጣ ነው?

በከተማው ሙዚቃችንም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ግርማ በየነን አስቡ። በ1960ዎቹ ከ60 በላይ ዘፈኖች አቀናብሮ ሌሎች ሲነግሡ፣ በራሱ ድምፅ ያስቀረጻቸው ከጣት ቁጥር አያልፉም ነበር። ከዚያ አሜሪካ ገብቶ ለዓመታት ከሙዚቃ ራቀ። በስሙ አንድ ሙሉ አልበም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ያውም ከአንድ የፈረንሳይ ባንድ ጋር፣ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ ኅትመት። ለሱ መጋረጃው ተገለጠለት፣ እሰየው። ግን የገለጡት እኛ አልነበርንም። እማማ እንዳሉት ነው፤ የወደደው ሰው ተገኘ።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ መሰማቱ ያስነሳውን ጭቅጭቅ ታስታውሳላችሁ። ባህላችን ተበረዘ፣ አርቲስቶቻችን ሥራ አጡ፣ ተባለ። እኔም በየሻይ ቤቱ የድርሻዬን ጮኬያለሁ። ግን እያንዳንዱን የቱርክ ተዋናይ በስም የሚያውቅ የሰፈሬ ሰው፣ በአማርኛ ስለሷ የምታለቅሰውን ኢትዮጵያዊት አንዷን እንኳ በስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አንዷንም አላውቅም። ካቲዎቻችን ማታ ማታ ቤታችን እየገቡ ሲያወሩ «ማን ነሽ?» ያላልን ሰዎች ነን።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ምናልባትም ከሁሉም የከበደኝ። ሊና ላሞንትን እያየን የምንስቀው ምኗ ላይ ነው? አነጋገሯ ላይ። ፊልሙ ውስጥ «በትክክል ተናገሪ» እያለች የምታሠለጥናት አስተማሪ እንኳ ተቀጥራላታለች። በወጣትነቴ በጣም ያሳቀኝ ይህ ትዕይንት ነበር። ማሻ ላይ ስመለከተው ግን እማማ አማርኛ ለመናገር አፋቸውን ከፍተው፣ እኔን አይተው፣ መልሰው ዝም ያሉበትን ጊዜ አስታወስኩ። ለምን ዝም አሉ? ቴሌቪዥን አላቸዋ! ከክፍለ አገር የመጣ ሰው አማርኛውን ሲያጥፈው የከተማ ተመልካች እንዴት እንደሚንከተከት በገዛ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲያዩ ኖረዋል። ያን ቅላጼ የስንት ቀልደኛ እንጀራ አድርገነዋል? እንግዲህ ሒሳባችን ይህ ነው፦ ዘፈናቸውን ወስደን «ሕዝባዊ» እንላለን፣ አነጋገራቸው ላይ ደግሞ እንስቃለን። ድምፁን እንፈልገዋለን፣ አፉን አንፈልገውም። በየበዓሉ መድረክ ላይ በተውሶ የባህል ልብስ፣ ከካሴት በሚወጣ ዘፈን ከንፈር እያንቀሳቀሱ መጨፈር ከሊና ላሞንት በምን ይለያል?

በስድስተኛው ቀን ለእማማ ተናዘዝኩ። በልጃቸው በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የለኝም። ታሪኩን ሁሉ ነገርኳቸው፦ ጥናቱን፣ ዕድገቱን፣ አበሉን። ቢዋንም ጭምር። ልጃቸው ቢ ላይ ስትደርስ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እማማ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ትርጉሙ ግን አጭር ሆነብኝ።

«ይህን ሁሉ ተናግረው ይህችን ብቻ?»

«ቲቸር፣ ያሳጠርኩት ለርስዎ ብዬ ነው» አለችኝ።

እሷም እንግዲህ መጋረጃ ሆነችልኝ ማለት ነው። «ግድየለም፣ ሁሉንም ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም። ዋናው ይህ ነው፦ ካሴቱ እንዲመለስላቸው ይፈልጋሉ፤ በላዩ ላይ አሁን በሕይወት የሌሉ የጎረቤታቸው ድምፅ አለበት፣ አብራቸው እየተቀበለች። እኔ ያኔ «ተቀባዮች» ብዬ ያለፍኳት ሴት ናት። ስሟን እማማ ነገሩኝ።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ «ታዲያ የእማማን ስም ለምን አልጻፍክም?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለመጻፍ አስቤ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ። መልሳቸውን ልጃቸው ሳታሳጥር ነገረችኝ፦ «ስሜን ዘፈኑ ባለበት ቦታ ጻፈው። አንተ ስለ ራስህ በምታወራበት ቦታ አይደለም።»

ስለዚህ ከማሻ እንደተመለስኩ ለጥናቱ አሳታሚ የማረሚያ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የሁለቱም ሴቶች ሙሉ ስም፣ የተማሪዬም ጭምር፣ ከነስንኞቹ። ካሴቱን ፍለጋ ደግሞ ቤቴን ሦስት ቀን አመሰቃቀልኩት። አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ በራሴ እጅ «ሸካ፣ ልዩ ልዩ» ተብሎ ተጽፏል።

ይህን አምድ የምታነቡ የቀድሞ ባልደረቦቼ፣ ጡረታ የወጣችሁም ያልወጣችሁም፣ በየመሳቢያችሁ ስንት «ልዩ ልዩ» እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ዘፋኞቹ አርጅተዋል። ካሴቱም ሻጋታ እየበላው ነው። ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ መሳቢያውን ክፈቱት።